ሎርድ ሬይሊ (1842–1919)፦ ድምፅን፣ እሳትንና ቀዳዳን የመረመረው ሊቅ

በዚህ ዓምድ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረባችንን በመቀጠል ለዛሬ የመረጥነው እንግሊዛዊውን ሊቅ ሎርድ ሬይሊን ነው። ስሙ በፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል፤ ሰውየው ግን ማን እንደነበረ ብዙዎቻችን አናውቅም። እሱን የመረጥንበት ምክንያትም አለን። ከዕጩ መምህራን አንዱ ኮምቦልቻ ላይ አውሮፕላን ሲነሣ አይቶ ኖሮ፣ ያ ሁሉ እሳት የሚነድበት ሞተር እንዴት በገዛ ጩኸቱ አይሰነጠቅም ብሎ ጠየቀ። የሰሙት ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ሞተሮች በገዛ ጩኸታቸው የተሰባበሩበት ጊዜ ነበረና። ዛሬ እንዳይሰነጠቁ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ወንፊት የመሰለ፣ አየር የሚነፍስበት የተበሳሳ ብረት ነው። የዚህን ወንፊት ነገር ከሥሩ ለማወቅ የሚሻ ሰው ደግሞ ሬይሊ ደጅ መድረሱ አይቀርም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሬይሊ የማዕረግ ስሙ ነው፤ የተጸውዖ ስሙ ጆን ዊሊያም ስትራት ይባላል። በኖቬምበር 12 ቀን 1842 ኤሴክስ በሚባለው የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ በሽታ አልለይ ያለው ልጅ ስለነበረ ትምህርቱ የተቆራረጠ ነው። ኢተን ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ወጣ፤ ሃሮው ገባ፣ ከዚያም ወጣ። በመጨረሻ ቶርኪ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አንድ ቄስ በቤታቸው ከሚያስተምሯቸው ልጆች ጋር አራት ዓመት ተቀመጠ። ታዲያ ይህ ልጅ በ1861 ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በ1865 በሒሳብ ፈተና ከመላው ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ወጣ። ለፈተናው ያዘጋጀው ኤድዋርድ ራውዝ የሚባል በጊዜው ስመ ጥር የነበረ አስጠኚ ነው። ልቡን የማረከው ግን ሌላ መምህር ነው፤ ጆርጅ ስቶክስ። ስቶክስ ብርሃንን ሲያስተምር በቃል ብቻ አይወሰንም፣ ዕቃ አቁሞ ያሳያል። ችግሩ ተማሪው ያየዋል እንጂ አይነካውም። ወጣቱ ስትራት በካምብሪጅ ዕቃውን በእጁ ይዞ የሚሞክርበት ቦታ አላገኘም፤ ይሄ ነገር በሆዱ ቀረ። በኋላ ያደረገውን ስታነቡ ትረዱታላችሁ።

በ1868 ከአሜሪካ ጉብኝት መልስ በገዛ ገንዘቡ የሙከራ ዕቃ ገዛ። በዚያው ዓመት፣ እሱ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ የአገሩ ጦር በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስን ወግቶ መጻሕፍቱን ጭኖ መመለሱን የወሎ ልጅ አይረሳውም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ዘመኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

አንድ የኦክስፎርድ መምህር ሳይንስ መሥራት ከፈለግህ ጀርመንኛ ተማር ብሎ መከረው፤ ተማረም። ያነበበው ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ስለ ድምፅና ስለ መስማት የጻፈውን መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ በ1870 ስለ ማስተጋባት አንድ ጥናት አቀረበ። የባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ አግድም እፍ ስንል እንደሚያጓራ ሁላችንም እናውቃለን። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ፣ አንገቱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ክብደት ሆነው ይወዛወዛሉ። ሬይሊ የጠየቀው፣ አየር በአንድ ቀዳዳ ምን ያህል በቀላሉ ይመላለሳል? የሚለውን ነው። መልሱ ያስገርማል። በስስ ሰሌዳ ላይ የተበሳ ክብ ቀዳዳ አየር የማሳለፍ አቅሙ ከቀዳዳው ዲያሜትር ጋር እኩል ነው። ከስፋቱ ጋር አይደለም፣ ከዲያሜትሩ ጋር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከክፍል የሚያልፈው ሰው ብዙ ነውና። አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለን እንበል። በሱ ፈንታ ዲያሜትራቸው የትልቁን ግማሽ የሆኑ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብንበሳ የተከፈተው ስፋት ያው ነው። የማሳለፍ አቅማቸው ግን፣ እርስ በርስ በጣም ካልተቀራረቡ፣ ተደምሮ የትልቁን እጥፍ ይሆናል። አራት ጊዜ ግማሽ ሁለት ነው፤ ሌላ ስሌት የለውም። ወንፊት ከመስኮት የሚለየው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1871 ኢቨሊን ባልፎርን አገባ። ወንድሟ አርተር ባልፎር በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ነው። በዚያው ዓመት ሰማይ ለምን ሰማያዊ እንደሚሆን የሚያስረዳውን ጥናቱን አወጣ። ይህንን በብርሃን ትምህርት ስለምታገኙት አናስረዝመውም። በተከታዩ ዓመት ግን ከባድ የቁርጥማት ትኩሳት ይዞት ለሞት አደረሰው። ሐኪሞች ከእንግሊዝ ክረምት እንዲሸሽ ስለመከሩት ከባለቤቱና ከቤተ ዘመድ ጋር ግብፅ ወርዶ በ1872 መጨረሻ በቤት ጀልባ ዓባይን ሽቅብ መጓዝ ጀመረ። አጠገቡ ቤተ መጻሕፍት የለም፣ ቤተ ሙከራ የለም። ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ድምፅ የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። የግብፅን ዳርቻ የሠራው ደለል አብዛኛው ከደጋችን የሄደ ነው፤ የኩታበሩ በሽሎም ዓባይ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጽሐፉ በእኛው አፈር መካከል ተጀመረ ብንል ያን ያህል አላጋነንም። መጽሐፉ ተጠናቆ አንደኛው ቅጽ በ1877፣ ሁለተኛው በ1878 ታተመ። የድምፅ መሐንዲሶች ዛሬም ይገልጡታል።

ከዓባይ እንደተመለሰ በ1873 አባቱ ስለሞቱ ማዕረጉንና ተርሊንግ ላይ የነበረውን ሰፊ ርስት ወረሰ። ርስት ማስተዳደር ቀላል ሥራ አልነበረም፤ በ1876 እርሻውን ለታናሽ ወንድሙ አስረክቦ ፊቱን ወደ ቤተ ሙከራው መለሰ። ወንድምየው ጎበዝ ገበሬ ስለነበረ በኋላ ለንደን ውስጥ በሬይሊ ስም የሚጠሩ የወተት መሸጫዎች እስከ መከፈት ደርሰዋል። ለአንዳንድ ለንደናዊ ሬይሊ ማለት ወተት ነበር።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ነበልባል ቧንቧ ውስጥ ሲገባ አንዳንዴ እንደሚዘምር ከ1777 ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1859 ደግሞ ራይከ የሚባል የኔዘርላንድ ሰው ቧንቧ ውስጥ የጋለ የሽቦ ወንፊት አስገብቶ ያለ ነበልባል አዘመረው። ለምን እንደሚዘምር አጥጋቢ መልስ የሰጠው ግን ሬይሊ በ1878 ነው። እንዲህ ነው ነገሩ። ድምፅ ማለት አየር ሲታመቅና ሲላላ ነው። አየሩ በታመቀበት ቅጽበት ሙቀት ቢጨመርበት ውዝዋዜው ያድጋል፤ በላላበት ቅጽበት ቢጨመርበት ውዝዋዜው ይደክማል። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን የገፋ ሰው ያውቀዋል። ልጁ መመለሻው ላይ ደርሶ ወደ ፊት ሊሄድ ሲል ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ ወደ እኛ እየመጣ ሳለ ከገፋነው ግን እናቆመዋለን። ጉልበቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። በአገራችን በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩበት ገዳም፣ የአበው አለቃ ዓቃቤ ሰዓት ይባል ነበር። የሬይሊ እሳትም ዓቃቤ ሰዓት ያሻዋል።

ይህን በተግባር ማሳየት ለሚፈልግ መምህር ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሰፋ ያለ የብረት ቧንቧ ይፈለግና፣ ከታችኛው ጫፍ የርዝመቱ ሩብ ላይ የሽቦ ወንፊት ተጠቅልሎ ይሰካል። ወንፊቱ በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ ይግልና እሳቱ ይወሰድ፤ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይቁም። ለጥቂት ሰከንዶች እንደ መለከት ያጓራል። በሰከንድ 170 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ አየሩ ሲሞቅ ትንሽ ይጨምራል። ቧንቧው ሲጋደም ዝም ይላል፤ ሽቅብ የሚወጣው አየር ይቆማልና። ወንፊቱ በላይኛው ግማሽ ቢሰካም አይዘምርም። በታችኛው ግማሽ አየሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ ይህም ግፊቱ እያደገ በሚሄድበት ሰዓት ነው። በላይኛው ግማሽ ሰዓቱ ይገለበጣል። (ቧንቧው እጅ ያቃጥላልና በወፍራም ጨርቅ ይያዝ።) አንዳንድ ተማሪ ሐይቅ ደጋ ስለሆነና አየሩ ስለሳሳ ድምፁ ይወፍራል ብሎ ይመልሳል። ስሕተት ነው፤ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀቱ እንጂ በአየሩ መሳሳት አይደለም።

በ1879 የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያው ኃላፊ ማክስዌል ሞተና ካምብሪጅ ሬይሊን ጠራው። እርሻ በእንግሊዝ አገር የተጎዳበት ወቅት ስለነበረ ደመወዙም አልጠላውም ይባላል። አምስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው፤ ለእኛ ለመምህራን ግን ከሕይወቱ ሁሉ የሚያጓጓው ይህ ነው። ያ ተማሪ ሳለ በሆዱ የቀረውን ነገር አወጣው። ግሌዝብሩክና ሾው የሚባሉ ሁለት ወጣት መምህራንን አስከትሎ ተማሪዎች ተራ በተራ በእጃቸው የሚለኩበት፣ የሚመዝኑበት፣ ውጤቱን የሚጽፉበት መደበኛ የሙከራ ትምህርት አቋቋመ። ሁለቱ መምህራን ከዚሁ ሥራ ያዘጋጁት የሙከራ መማሪያ መጽሐፍ በ1885 ታተመ። ዕቃ ሲጎድል ሬይሊ ከኪሱ አዋጣ፣ ሌሎችንም ለመነ። ሴቶች ተማሪዎች ከወንዶች ጋር እኩል እንዲማሩ በሩን ከፈተ። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ዲግሪ በማይሰጥበት ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። የኤሌክትሪክ መለኪያዎችን፣ በተለይ ኦምን፣ በትክክል ለመወሰን የተደረገውን አድካሚ ልኬት አብራው የሠራችው የሚስቱ እኅት ኤሊኖር ሲጅዊክ ነበረች፤ በኋላ የኒውናም ኮሌጅ ኃላፊ ሆናለች።

በ1884 ወደ ተርሊንግ ተመለሰ። የቤቱ ቤተ ሙከራ ለጌታ ቤት የሚገባ አልነበረም ይላሉ ያዩት። ሻካራ ጣውላ፣ ሲባጎ፣ የማሸጊያ ሰም ይበዛበታል። ልኬት የሚጠይቀው ዕቃ ላይ ብቻ ገንዘብ ያወጣል፤ የቀረውን በእጁ ይሠራዋል። በ1885 የመሬት መንቀጥቀጥ በምድር ገጽ ላይ ስለሚልከው ሞገድ ጻፈ፤ ያም ሞገድ በስሙ ይጠራል።

ዓለም አቀፍ ዝና ያመጣለት ግን የናይትሮጅን ሚዛን ነው። ከአየር የተገኘ ናይትሮጅን ከአሞኒያና ከሌሎች ውሕዶች ከተሠራው ናይትሮጅን ይከብዳል፤ ልዩነቱ ከ200 አንድ ያህል ነው። ሌላው ሰው የሚዛን ስሕተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ አላለፈውም። እንዲያውም ልዩነቱን ለመቀነስ ፈንታ የሚያጎላበትን መንገድ ፈለገ። በ1892 ግራ የገባኝን ንገሩኝ ብሎ በሳይንስ መጽሔት አሳወጀ። በመጨረሻ ከኬሚስቱ ዊሊያም ራምዜ ጋር ሆነው በ1894 አርጎንን አገኙ። ከአየር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ፣ ከምንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ነው። ስንተነፍሰው ኖረን አናውቀውም ነበር። በ1904 ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምዜ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሬይሊ ገንዘቡን ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ለካቨንዲሽ ቤተ ሙከራና ለቤተ መጻሕፍቱ።

ሁለት ነገሮች ጠባዩን ስለሚያሳዩ አናልፋቸውም። አንድ ጊዜ ለሊቃውንት ጉባኤ የላከው ጽሑፍ ስሙ ሳይጻፍበት ደርሶ ኖሮ መርማሪዎቹ የማይረባ ሰው ሥራ መስሏቸው መለሱት። የማን እንደሆነ ሲታወቅ ወዲያው ተቀበሉት። ታዲያ እሱ ራሱ ምን አደረገ? የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሳለ መዝገብ ቤት ውስጥ ዋተርስተን የሚባል ሰው በ1845 የላከውን፣ እዚያው ተረስቶ የቀረ ጥናት አገኘ። ስለ ጋዝ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ዘመኑን ቀድሞ የተጻፈ ነው። ሰውየው ሞቷል። ሬይሊ በ1892 ማብራሪያ ጽፎበት አሳተመው። እንግዲህ የተማሪን ወረቀት ስም አይቶ የሚያርም መምህር ካለ ይህን ያንብብ።

ከ1905 እስከ 1908 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከ1908 ጀምሮ የካምብሪጅ ቻንስለር። በ1909 የእንግሊዝ መንግሥት ስለ አውሮፕላን የሚያማክር የሊቃውንት ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢው እሱ ነበረ፤ እስኪሞትም አልተወውም። ጁን 30 ቀን 1919 በ76 ዓመቱ ተርሊንግ ላይ አረፈ። ከ440 በላይ ጥናቶች ትቶ ነው የሄደው።

የአውሮፕላኑን ጥያቄ ግን አልረሳነውም። ማቃጠያ ክፍል ማለት ባጭሩ የራይከ ቧንቧ ነው፤ እሳቱ ግን ኃይለኛ ነው። ነበልባሉ ትንሽ ይርገበገባል፣ ድምፅ ይወጣል፣ ድምፁ ከግድግዳ ተመልሶ ነዳጁንና አየሩን ያናውጣል፣ ነበልባሉ ይብስ ይርገበገባል። ሰዓቱ ከገጠመ በጥቂት ቅጽበት ብረት ይሰነጥቃል። በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ያደረሰው ሮኬት ትልልቅ ሞተሮች በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ደዌ ይፈነዱ ነበር። ወደ 2000 የሚጠጋ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ነው ነዳጅ በሚረጨው ሰሌዳ ላይ መከፋፈያ ግድግዳዎች ቆመው ነውጡ የተገታው። ሞተሩ እየነደደ ሳለ ውስጡ ትንሽ ቦምብ እያፈነዱ ይፈትኑት ነበር። በኋላ ደግሞ በጋዝ ተርባይኖች ላይ የአየር ብክለት ሕግ እየጠበቀ ሲመጣ ነዳጁን በብዙ አየር አሳስቶ ማቃጠል ግድ ሆነ። የሳሳ ነበልባል ንጹሕ ነው፤ ግን ደንጋጣ ነው።

ወንፊቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የማቃጠያ ክፍሉ ግድግዳ እንዳይቀልጥ በብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ቀዝቀዝ ያለ አየር ከውጭ ይነፍስበታል። የድምፅ ሞገድ ሲመጣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚወጣው አየር አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። በፈጠነና በዘገየ ቁጥር ከቀዳዳው ከንፈር ላይ ቀለበት የመሰለ አዙሪት ይላቀቅና ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። አዙሪቱ ለመሽከርከር ጉልበት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ከድምፁ ነው። ራቅ ብሎ ይበታተንና ትንሽ ሙቀት ይሆናል። እረኛው ዋሽንት ሲነፋ ነፋሱ ከቀዳዳው ከንፈር ላይ አዙሪት እየፈጠረ ድምፅ ያወጣል፤ የሞተሩ ግድግዳ የዚህ ግልባጭ ነው። ነፋስ የማያልፍበት ቀዳዳ ትንሽ ድምፅ ሲመጣ እምብዛም አይበላም። ነፋስ ያለው ግን ነውጡ ገና ጭላንጭል ሳለ ይጀምረዋል።

ሬይሊ በሞተ በ60 ዓመቱ፣ በ1979፣ ማይክል ሃው የተባለ የሒሳብ ሊቅ የ1870ውን ቀዳዳ ወስዶ ነፋስ አስገባበት። የቀዳዳው የማሳለፍ አቅም ሁለት ክፍል ያለው ቁጥር ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ክፍል አየሩን ያመላልሳል፣ ሌላው ድምፁን ይበላል። የሚበላው ክፍል መጠን በድምፁ ድግግሞሽ፣ በቀዳዳው ስፋትና በነፋሱ ፍጥነት ይወሰናል። ነፋሱ በጣም ሲዘገይ ይቀንሳል፤ በጣም ሲፈጥንም ይቀንሳል። በ2003 ካምብሪጅ ውስጥ ጄፍ ኤልድሪጅና አን ዳውሊንግ ይህንኑ ለተበሳሳ ክብ ግድግዳ አስልተው ከሙከራ ጋር አነጻጸሩት፤ በደንብ ገጠመ። በአንዳንድ ድግግሞሽ ላይ ከምንጩ የሚመጣው ድምፅ ጭራሽ ተመልሶ እንዳይሄድ ማድረግ እንደሚቻልም አሳዩ። ዳውሊንግ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍል የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ነች።

ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ ለምን በቀጥታ አያሰላውም ትሉ ይሆናል። የአንድ ክፍል ግድግዳ ሺህ በሺህ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው፣ አዙሪቱ ደግሞ ከቀዳዳው ያንሳል። ሁሉንም እንከታተል ቢባል ኮምፒዩተሩ አይችለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አንድ ቀዳዳ ብቻ ይወስዳሉ፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ እሱን እንዲመስሉ አድርገው አዙሪቱን በዝርዝር ያስመስላሉ። ከዚያ የማሳለፍ አቅሙን ያወጡና በሃው ቀመር ይፈትኑታል። ቀጥሎ መላው ክፍል ሲሰላ ቀዳዳዎቹ አይሣሉም፤ ግድግዳው በሙሉ ያንን ቁጥር የያዘ ወንፊት ሆኖ ይገባል። የሚፈታው በሄልምሆልትዝ ስም የሚጠራው የሞገድ እኩልዮሽ ነው። ውጤቱ የትኛው ድምፅ እንደሚያድግ፣ የትኛው እንደሚሞት ይናገራል።

አንድ ራስ ምታት ግን አለ። ግድግዳውን ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ነፋስ ድምፅ ለመብላት ከሚስማማው ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። ለዚህ የተገኘው መላ ግድግዳውን ድርብ ማድረግ ነው። የውጭው ወንፊት የግፊቱን ብዙውን ክፍል ይቀበላል፤ በውስጠኛው ቀዳዳዎች የሚያልፈው አየር ቀስ ይላል፤ ድምፁን የሚውጠውም ይኸው የውስጠኛው ነው።

የራይከን ሙከራ በሚቀጥለው ሳምንት ከፊዚክስ ክፍል በራፍ ላይ ልናሳይ አስበናል። ቧንቧው ተገኝቷል፤ የጎደለው የሽቦ ወንፊቱ ነው።